ዋስ ጥራ!

ሰኔ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብና መመረቂያ ጽሑፍ። ዝናቡስ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ቀና ቢሉ ደመናው ይታያል። መመረቂያ ጽሑፉን ግን «ከየት አመጣኸው?» የሚል የለም። ጻፊው አያስታውስም፣ አማካሪው ጊዜ የለውም፣ ጠራዡ የሚከፈለው በገጽ ነው። በየዩኒቨርሲቲው አጥር ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚለው ወረቀት «የሚከራይ ቤት» ከሚለው ጎን ተለጥፏል። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ቤት አከራዩ ዋስ ይጠይቃል።

እንዲህ አልነበርንም። አያቶቻችን ለአንዲት የወሰን ድንጋይ ዛፍ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ፣ ምስክር መጥቶ እንደፈለገ አውርቶ አይሄድም ነበር። አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ካየህስ የት ቆመህ? ከባለጉዳዩ ጋር ምን ያዛምድሃል? ዕዳ አለብህ? መልሱ ካላጠገበ «ዋስ ጥራ!» ይባላል። የዚያ ሙግተኛ የልጅ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ሊይዝ ሲቀርብ ግን «ኢንተርኔት ላይ አየሁት» ካለ ነገሩ አለቀ። ኢንተርኔት ምስክርም፣ ዋስም፣ ዳኛም ሆኖ ይፈርድለታል።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። የሚያጠናው ምግብ ሳይንስ፣ ርዕሱ በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት። ዲፌንሱ ሲቃረብበት የምንጮቹን ዝርዝር ጠቅልሎ እሑድ ከሰዓት ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ አንዴ አይተው ይባርኩልኝ።»

«ቡራኬ ከኑዛዜ በኋላ ነው። አንብብ።»

«ቁጥር አንድ፣ ዊኪፔዲያ።»

«ማን ጻፈው?»

«ሁሉም ሰው።»

«ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?»

«ማንም።»

«ዋስ ጥራ!»

«ጋሼ ደግሞ! ስህተት ሲገባ ወዲያው የሚያርሙ ሰዎች አሉኮ።»

«አንተ ያነበብከው ከመታረሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

እዚህ ላይ ሻይውን አነሳ። ተማሪ መልስ ሲያጣ ሻይ ይጠማዋል።

ዊኪፔዲያን ለመዝለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ስንቱን ከድንቁርና አውጥቷል። ደግሞም ራሱ በደንቡ «እኔን እንደ አስተማማኝ ምንጭ አትቁጠሩኝ» ይላል። ስለ ራሱ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ምስክር በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል! ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ግርጌው ላይ የተደረደሩትን ማስታወሻዎች ተከትሎ ዋናውን ጽሑፍ መፈለግ ትቶ ላይ ላዩን ቀድቶ የሚሄደው ነው።

«እሺ ይኼ ይሰረዝ» አለና ወደ ሁለተኛው አለፈ። «ይኼኛው እንኳ አይነካም። በ100 ግራም ቀይ ጤፍ ውስጥ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ብረት አለ ይላል።»

«ማን ይላል?»

«እገሌ፣ 2019።»

«እገሌ ለካው?»

«አይ፣ ከሌላ ጽሑፍ ነው የጠቀሰው።»

«ያኛውስ ለካው?»

«እሱም ከሌላ ጠቅሶ ነው።»

በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ። የእኛ ቁጥርም አባቱን ሲጠይቁት አጎት በአጎት ላይ ይቆጥራል። ምሁሩ ከምሁሩ፣ ያም ከሌላው፣ ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሚዛኑን የያዘው ሰው ጠፍቷል።

ይኼን ስንባባል እህቴ ከጓዳ ወንፊቷን ይዛ ብቅ አለች። «ስለ ጤፍ ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?»

«እማዬ፣ ጤፍ በጣም ብዙ ብረት አለው እያልኩ ነው።»

«የተለካው ሳይነፋ ነው ተነፍቶ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ፤ ወረቀቱም አያውቅም።

ይህች የወንፊት ጥያቄ የርዕሱ ሁሉ እምብርት ናት። ጤፍን የለኩ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው ሰማይና ምድር ናቸው፤ በ100 ግራም ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ያገኙ አሉ፣ በቀይ ጤፍ ላይ ከ150 በላይ የጻፉም አሉ። ጤፉ እንዲህ ጠባዩ የሚለዋወጥ ሆኖ አይደለም። ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ፣ በበሬ እግር ሥር ነው። ፍሬው ከአሸዋ አይተልቅም፤ አፈሩ ይጣበቅበታል። አፈራችን ደግሞ ብረት የበዛበት ነው። ስለዚህ ሳይታጠብ ላቦራቶሪ የገባ ጤፍ አውድማውንም ይዞ ነው የሚገባው። አፈር ሳይነካው ተወቅቶ ወይም በደንብ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። የአፈሩን ብረት ሰውነት ምን ያህል ይጠቀምበታል የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ሁለቱም ለኪዎች አልዋሹም፤ አንዱ ጤፍ ለካ፣ ሌላው ጤፍና መሬት ለካ። የእኛ ተመራቂ ግን ትልቁን ቁጥር ወደደና «ጤፍ» ብሎ ጻፈው።

«ዘዴ የሚለውን ክፍል አንብበሃል? አጥበው ነው ሳያጥቡ?»

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ያነበብኩት አብስትራክቱን ነው።»

«ተዝካር በልተህ ሟቹን አላውቀውም እንደማለት ነው።»

እህቴ ወንፊቷን ከፍ አድርጋ አየችው። «እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ብረት ስነፋ ኖሬያለሁ በሉኛ! ለነገሩ ይኼ ልጅ የገረጣው ወድዶ አይደለም።»

ልጁ ክብሩን ሊያስመልስ ተነሳ። «ቁጥር ያለ ምርመራ እንደሚዛመትማ አውቃለሁ። እንዲያውም በመግቢያዬ ላይ የስፒናችን ታሪክ አስገብቻለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የጀርመን ኬሚስት የአሥርዮሽ ነጥቧን ያለ ቦታዋ አስቀመጠና የስፒናች ብረት በአንዴ አሥር እጥፍ ሆነ። የካርቱኑ ፖፓይ እንኳ በዚያ ስህተት ነው ስፒናች ሲቅም የኖረው!»

«ማን ነገረህ?»

«የታወቀ ነው።»

«የታወቀ የሚባል ጸሐፊ አላውቅም። ዋስ ጥራ!»

የዚህን ተረት ዱካ የተከተሉ ሰዎች የደረሱበትን ስሙ። ታሪኩን በሰፊው ያስነገረው በ1981 ቴረንስ ሃምብሊን የተባለ ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ምንጭ ግን አልጠቀሰለትም። በ2010 ማይክ ሰተን የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ ያቺን ነጥብ ፍለጋ ወጣ፤ በየሰነዱ ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኛትም። በ2014 ደግሞ ኖርዌጃዊው ኦሌ ብዮርን ሬክዳል ስለዚሁ ጉድ ሙሉ መጣጥፍ ጻፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ምሁራን ሳያጣሩ አይጥቀሱ እያለ የሚያስጠነቅቀው ታሪክ ራሱ ሳያጣሩ በጠቀሱት ምሁራን አፍ ነው አገር ያዳረሰው።

«ታዲያ መግቢያዬን ምን ላድርገው?»

«አትጣለው፤ ስለ ራስህ ጻፍበት።»

ቀጠለ። «ይኼኛው ኢንተርናሽናል ጆርናል ነው።»

«ኢንተርናሽናል የሚል ስምማ ምግብ ቤትም ይለጥፋል። በስንት ቀን አሳተመው?»

«በአራት ቀን!»

«ገምጋሚው መቼ ተኛ?»

«ፈጣን አገልግሎት ነው ጋሼ። ክፍያ አለው እንጂ።»

ገንዘብ አዳኝ ጆርናሎች ማለት እነዚህ ናቸው። መክፈሉ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ለአንባቢ በነጻ የሚከፍቱ ጨዋ ጆርናሎችም ጸሐፊውን ያስከፍላሉ። ነውሩ ከፍሎ ሳይገመገም ማለፉ ነው። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ አንድ የውሸት የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈበረከ። ጸሐፊውን ከነተቋሙ ፈጠረውና፣ ይግረማችሁ፣ ከአድራሻዎቹ አንዱን አስመራ አደረገው። በአስመራ እንዲህ ያለ ሰውም ተቋምም የለም። ጥናቱ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ የተማረ ሊያየው የሚችል ስህተት ሆነ ብሎ ሰገሰገበት። ከዚያ ስሙንና ተቋሙን እየለዋወጠ ለ304 ጆርናሎች ላከው። 157ቱ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ሙከራውም ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ።

ያ እንኳ ጥናት ይመስላል። በ2014 አንድ የአውስትራሊያ ኮምፒዩተር ሳይንቲስት የማያቋርጥ የኢሜይል ልመና ለሚልክበት ጆርናል ሁለት አሜሪካውያን ቀደም ብለው ያዘጋጁትን ጽሑፍ መልሶ ላከ። ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አንዲት ስድብ ያለባት «ከኢሜይል ዝርዝራችሁ አውጡኝ» የምትል ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመች ነው፤ በሥዕላዊ መግለጫው ላይ ሳትቀር። ገምጋሚው «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ አሳለፈው፤ 150 ዶላር እንዲከፍልም ተጠየቀ። ከዝርዝሩ ግን አላወጡትም።

«እኔ ግን የአገር ውስጦቹን የተውኳቸው ደረጃዬን ለመጠበቅ ብዬ ነበር» አለ የእህቴ ልጅ።

«የትኞቹን?»

«እነ ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናልን።»

«በፈረንጅ ከ1962 ጀምሮ እየታተመ ያለውን ንቀህ ትናንት ዌብሳይት የከፈተውን ፈረንጅ አከበርክ! እሱ ፈረንጅ መሆኑንስ በምን አወቅህ?»

«ስሙ የእንግሊዝኛ ነው።»

«የሰፈራችን ጸጉር ቤትም ስሙ የእንግሊዝኛ ነው።»

ተማሪ በአንዱ ሲሸነፍ በቁጥር ይመጣል። «ይኼን እንኳ አይነኩብኝ፤ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ የተጠቀሰ ነው።»

«አንብበውት ነው የጠቀሱት?»

«ሦስት መቶ ሰው ሳያነብ ይጠቅሳል እንዴ?»

ይጠቅሳል እንጂ! አራት መቶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ የተጠቀሰ፣ ነገር ግን የሌለ ጽሑፍ አለ። ቫን ደር ጊር እና ባልደረቦቹ በ2000 ጻፉት የሚባል፣ ስለ ሳይንሳዊ መጣጥፍ አጻጻፍ ጥበብ የሚያወራ። ጽሑፉ የለም፤ ወጣበት የተባለው መጽሔትም የለም። ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ለጸሐፊዎች «ምንጭ ስትጠቅሱ እንዲህ አድርጋችሁ ደርድሩ» ብሎ በመመሪያው ላይ ያስቀመጠው ምሳሌ ነው። ሰዎች ቅጹን ሲሞሉ ምሳሌውን ሳያጠፉት ቀርተው፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ እንደ ምንጭ ቆጥረውት፣ የሌለው ሊቅ ገናና ሆነ። ጉዱን አን ዊል ሃርዚንግ የተባሉ ፕሮፌሰር በ2017 አወጡት። እስቲ አስቡት፤ አገራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው አራት መቶ ጊዜ ያልተጠቀሱ ስንት ሊቃውንት አሉ! መጥፎ ዕድላቸው በእውነት መኖራቸው ነው።

«እሺ ትልቅ ስም ያለው ላምጣ። ላንሴት! ላንሴትንም ዋስ ጥራ ይሉታል?»

«ላንሴትን አክብሬ ነው የምጠይቀው።»

ላንሴት ከ1823 ጀምሮ ያለ፣ ሐኪሞች የሚያጎነብሱለት መጽሔት ነው። በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ የእነ አንድሪው ዌክፊልድን ጽሑፍ አወጣ። የታዩት ሕፃናት 12 ነበሩ፤ ጽሑፉ እስኪሻርም 12 ዓመት ፈጀ። ለአንድ ሕፃን አንድ ዓመት ደረሰ። በኮሮናው ጊዜ ደግሞ፣ ግንቦት 2020፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በተባለው መድኃኒት ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ወጣ። ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ፣ የ96,032 ታማሚዎች መረጃ ነው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒቱ ላይ የሚያደርገውን የራሱን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። መረጃውን ያቀረበው ሰርጂስፌር የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነበር። ገለልተኛ ሰዎች «እስቲ መረጃውን አሳየን» ሲሉት አላሳይም አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጽሑፉ ተሻረ።

«ታዲያ ላንሴትም ካልታመነ…»

«ስማ፤ ላንሴት የሻረው ራሱ ነው። ስህተቱን በአደባባይ የሚሽር ምንጭ ከማይሽረው ይሻላል። የአንተ የአራት ቀኑ ጆርናል ምን ሽሮ ያውቃል?»

«ምንም።»

«አየህ! እሱ ተሳስቶ አያውቅም።»

የተሻሩ ጽሑፎችን የሚከታተል ሪትራክሽን ዎች የሚባል ቦታ ከ2010 ጀምሮ አለ። የምትጠቅሱትን ከመጥቀሳችሁ በፊት በሕይወት መኖሩን ጠይቁ። ሙት ለምስክርነት አይጠራም፤ በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ግን ተሽሮ ዓመታት የተቆጠረበት ሁሉ ቆሞ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ የመጣው እንኳ ተረብም አያስፈልገውም። ቁጥር ሃያ አምስትን ፈለግን፤ የለም። ጸሐፊው የለም፣ ርዕሱ የለም፣ ጆርናሉ አለ፣ በተባለው ገጽ ላይ ግን ስለ ዓሣ ነው የሚያወራው።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቻት ጂፒቲ ነው።»

«እውነት መሆኑን ጠየቅከው?»

«እሱንማ ጠይቄዋለሁ! እውነት ነው አለኝ።»

የቀበሮ ምስክሯ ጅራቷ። በኒው ዮርክ አንድ ጠበቃ ልክ እንደዚሁ አድርጓል። አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ለከሰሰ ደንበኛው ማመልከቻ ሲያዘጋጅ ቻት ጂፒቲ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ደረደረለት። ተጠራጥሮ «እነዚህ በእውነት ያሉ ናቸው?» ብሎ ያንኑ ቻት ጂፒቲ ጠየቀው፤ «አዎን» አለው። ዳኛው ሲፈልጓቸው ግን አልነበሩም። ሰኔ 2023 ጠበቆቹ 5,000 ዶላር ተቀጡ። የማሽኑ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ቀጥሎ ሊመጣ የሚመስለውን ቃል እየገመተ ይደረድራል፤ ምንጭ የሚመስል ነገር ሲጠየቅም ምንጭ የሚመስል ነገር ይሠራል። ሐሳብ ለማፍታታት፣ ቋንቋ ለማረም ይጠቅም ይሆናል። ለምስክርነት ግን እንዴት ይቁም? ያየው ነገር የለም፣ የቆመበት ቦታ የለም፣ ቢያፍር የሚቀላ ፊት የለውም።

«ቁጥር ሠላሳስ?»

«የጤፍ ዱቄት ለውጭ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ድረ ገጽ ነው።»

«ስለ ጤፍ ምን ይላል?»

«ተወዳዳሪ የለውም ይላል።»

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ሻጭ ገበያ ላይ ሸቀጡን ሲያጥላላ ሰምተህ ታውቃለህ? ይልቅ አውድማ ሄደህ ጤፉ ሲወቃ አይተሃል?»

«ገበሬ ጋ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም ነገር ኦንላይን አለ።»

«እንደ ሉዊስ ደ ኡሬታ ማለት ነው።»

«እሱ ደግሞ ማን ነው? ዝርዝሬ ውስጥ የለም።»

«ተመስገን!»

ኡሬታ የስፔን ዶሚኒካን መነኩሴ ነው። በ1610 ቫሌንሲያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ሁዋን ደ ባልታሳር የተባለ ሰው ያወራለትን ይዞ፣ በመሳፍንቱ ተራራ ላይ በዓለም ወደር የሌለው ቤተ መጻሕፍት አለ ብሎ ጻፈ። ከ1603 ጀምሮ እዚሁ አገራችን የኖረው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ መጽሐፉ ሲደርሰው ራሱን ያዘ። የአገሩን ሰው እየጠየቀ፣ ራሱ ያየውን እየጻፈ፣ ኡሬታን ነጥብ በነጥብ የሚያፈርስ የኢትዮጵያ ታሪክ አዘጋጀ። በ1618ም ሰከላ ሄዶ የዓባይን መነሻ አየ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «ያየ ይታመናል» ብለን በተኛን ነበር። በ1770 ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እዚያው ቦታ ደረሰ። አገሩ ተመልሶ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ይበላል ሲል ለንደን ሳቀበት፤ እውነቱን ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ግን የዓባይን መነሻ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ፣ ፓኤዝ አላየውም ብሎ ተሟገተ። ይህ እውነት አልነበረም።

«ስለ ጥሬ ሥጋው እውነቱን የተናገረ ሰው ስለ ዓባይ ለምን ይዋሻል?»

«ጥሬ ሥጋው ላይ ተፎካካሪ አልነበረበትማ!»

አንድ ምስክር በአንዱ ነገር የታመነ በሌላው ሊወላገድ ይችላል። ሰውየውን በጅምላ መቀበልም በጅምላ መጣልም ስንፍና ነው። የሚጠየቀው በእያንዳንዱ ቃሉ ላይ ምን ጥቅም እንዳለው ነው።

የቀረችው የመጨረሻዋ ገጽ ነበረች፤ እሷም የራሳችን ጣጣ ናት። «እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ጥናት የ2012ቱን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አሻሽሎታል» ይላል።

«ሪፖርቱ የአማርኛ ነው?»

«አዎ።»

«2012 ዓ.ም. ማለት በፈረንጅ 2019 ተጀምሮ 2020 ያለቀው ዓመት ነው። ታናሹን ለታላቁ አባት አደረግኸው። በአንተ አቆጣጠር እኮ ዓድዋ ሁለት ጊዜ ነው የተዋጋነው፤ አንዴ በ1888፣ አንዴ በ1896።»

«ሁለቱንም አሸንፈናል ጋሼ!»

እዚህ ላይ ነጥብ አስቆጥሯል፤ እህቴም አጨበጨበችለት። ደስታው ግን አልቆየም። «ሁለት ምሁራን ተስማምተውበታል» ብሎ የጠቀሳቸው አንዱ «እገሌ እንቶኔ» ሌላው «እንቶኔ እ.» ነበሩ። ፈረንጁ ጆርናል እንደ ደንቡ የአባትን ስም አስቀድሞ፣ የአገር ውስጡ እንደ ደንባችን የራስን ስም አስቀድሞ ጽፈው፣ አንድ ሰው ሁለት ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ሰውየው ከራሱ ጋር ባይስማማ ነበር የሚገርመው።

ልጁ ወረቀቱን አጠፈና መልሶ ማጥቃት ጀመረ። «ጋሼ፣ እርስዎ በየጊዜው በዓምድዎ ላይ ሲጽፉ ማን ዋስ ጥራ አለዎት?»

«የእኔ ተረብ ነው፤ ማንም ዲግሪ አይሰጠኝም።»

«እንዲህ እያጣራሁማ ምንም አይተርፈኝም።»

«ስንት ቀረህ?»

ቆጠረ። «ዘጠኝ።»

«አንብበሃቸዋል?»

«አምስቱን።»

«እንግዲያው አምስት አለህ። ከዜሮ አምስት ይሻላል፤ ከሃምሳ ያልተነበበም አምስት ይሻላል።»

እህቴ ከጓዳ ጨመረች፦ «ስድስት በሉት፤ እኔን ረስታችኋል!»

ቀልዷ እውነት ናት። የአገራችን እናቶችና ገበሬዎች ጤፍ ምን ይዞ ከአውድማ እንደሚመጣ ከየትኛውም ፒዲኤፍ በፊት ያውቃሉ። የቃል ምንጭም በሥርዓት ከተጠየቀ ምንጭ ነው፤ ማን እንደተናገረ፣ መቼ፣ የት፣ ያየውን ነው ወይስ የሰማውን ተብሎ ይመዘገባል፣ ከሌላው ጋር ይመሳከራል። የእህቴ ወንፊት ሚሊ ግራም አይለካም፤ ሚሊ ግራሙን የለካው ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ግን ነግሮናል።

ለተመራቂዎች የምለው አጭር ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላል ያገሬ ሰው። ምንጭ ሲመጣላችሁ አቁሙና ጠይቁት። ማን ነህ? ለካህ ወይስ ከሌላ ቀዳህ? ከቀዳህ የመጀመሪያው የት ነው? እንዴት ለካኸው? ማን ከፈለህ? ካንተ ጋር ጥቅም የሌለው ሌላ ማን ያንኑ አገኘ? ከታተምክ በኋላ ተሽረሃል? የጤፉን ብረት በተመለከተ ደግሞ ፍርዱ ይህ ነው፤ ጤፉ መታጠቡንና እንዴት መወቃቱን የማይናገር ቁጥር መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ጤፍ ብረት አይገባም። ሁለቱ ቁጥሮች ከነአለካካቸው ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ልዩነታቸው ራሱ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ለአማካሪዎችም ልመና አለኝ። በጀት አይጠይቅም፣ ሶፍትዌር አያስገዛም። ተማሪው ሊፈረምለት ሲመጣ ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱን በዘፈቀደ በጣታችሁ ጠቁሙና «እነዚህን አምጣ፤ የጠቀስከው የቱ ገጽ ላይ እንዳለ አሳየኝ» በሉት። ካሳየ ፈርሙለት። ካላሳየ ዲፌንሱ ይራዘምበት፤ ሳይጠይቅ የፈረመ አማካሪ ካለም አብሮ ይቀመጥ።